በመስቀል ያየሽውን ሀገር ሐምሌ ላይ ሄደሽ እዪው

(ደብዳቤው ረጅም ስለነበር አሳጥሬ ነው ያቀረብኩት)

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። 36 ዓመቴ ነው፣ አያት ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ሴቷ 12 ዓመቷ ስድስተኛ ክፍል ናት፣ ወንዱ 7 ዓመቱ ነው፣ እሱ አስም አለበት። እኔ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ሂሳብ ሰራተኛ ነኝ ዘጠኝ ዓመት ሰርቻለሁ። ባለቤቴ የጉራጌ ልጅ ነው፣ ሱቁ ከፈረሰ በኋላ ሌላ ቦታ ተከራይቶ ቢሞክርም አልሆነለትም። አምና ለመስቀል ጉመር እናቱ ጋ ሄደን ከተመለስን በኋላ ግን ሌላ ሰው ሆነብኝ፣ በቃ ጠቅልለን እንግባ ነው የሚለው። የአባቱ መሬት አለ፣ እናቱ ብቻቸውን ናቸው። መብራት የለም፣ ውሃ ከምንጭ ነው፣ ደርሶ መልስ 50 ደቂቃ ይሆናል። እሱ ሁለት ባለ 100 ዋት ሶላርና አንድ ባትሪ ገዝቼ ቤቱን ከከተማ አስንቀዋለሁ ይላል፣ ኮንዶሚኒየሙንም እንሽጠው ብሏል። እኔ ጉራጊኛ አልችልም። እምቢ ስለው እናቴን ናቅሻት ይለኛል፣ እሺ እንዳልለው ለልጆቼ እፈራለሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም መስቀል ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። ምን ይመክሩኛል? ግራ የገባኝ፣ ከአያት»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሶስቴ አነበብኩት፣ ሶስቴም የቆምኩት መጨረሻው ላይ ነው፣ መስቀል ላይ ደስ ብሎኝ ነበር ያልሽው ላይ። እንዴት ደስ አይልሽ! መስከረም አጋማሽ ላይ ዝናቡ እየተወ ነው፣ ጀፎረው፣ ያ በመንደሩ መሐል የሚያልፈው ሰፊ የሳር ጎዳና፣ አረንጓዴ ምንጣፍ መስሎ፣ ከአዲስ አበባ ከሀዋሳ ከየቦታው ልጅ ሁሉ ገብቶ መንደሩ ሞልቶ፣ ክትፎው ቆጮው አይቡ ቀርቦ፣ ሽማግሌ እየመረቀ፣ ልጆቹ ሲሯሯጡ ውለው ጉንጫቸው ቀልቶ ሲገቡ፣ ማን ነው እዚህ ልቅር የማይለው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ በዛ ሳምንት አንቺ ስንት ጀሪካን ውሃ ቀዳሽ? ቆጮው ተፍቆ የተቀበረው ቅቤውም የተጠራቀመው አንቺ ሳትደርሺ ከወራት በፊት ነው፣ ውሃውን የጎረቤት ልጆች ናቸው ያመላለሱት፣ እንጨቱም ተፈልጦ ተደርድሮ ነው የጠበቀሽ። አንቺ እዛ እንግዳ ነበርሽ፣ ባልሽም የቤቱ ልጅ ይሁን እንጂ ያን ሳምንት እንግዳ ነበር። በእንግድነት የታየ ኑሮ ላይ ተነስቶ ቤት መሸጥ አይቻልም።

ስለዚህ ሂጂም አትሂጂም አልልሽም። የምልሽ አንድ ነው፣ መጀመሪያ ሐምሌ ላይ ሄዳችሁ እንግዳ ሳትሆኑ ኑሩበት፣ ከዛ ትወስናላችሁ። ለምን ሐምሌ እንዳልኩሽ ቀስ ብዬ ልንገርሽ፣ ኖሬበት ስለማውቀው ነው።

ከ2003 እስከ 2007 ባለቤቴ የግብርና ባለሙያ ሆኖ ተመድቦ መንዝ ነው የኖርነው፣ ከመሐል ሜዳ በእግር ሁለት ሰዓት ገደማ የሚያስኬድ ቀበሌ ነው፣ መብራት የሚባል ነገር የለም፣ የመጀመሪያ ልጄን ታቅፌ ነው የገባሁት። ተገድጄ እንዳይመስልሽ፣ ወድጄ ነው የሄድኩት። ልጄ የተራመደው እዛ ነው፣ የማታው ሰማይ እስካሁን በህልሜ ይመጣል፣ የጎረቤቶቼን ደግነትም አልረሳውም። ሶላር ነበረን፣ ታዲያ ባትሪውን ከተማ ካለ አንድ ሱቅ ስንገዛ የሶላር ነው ብለው የመኪና ባትሪ ሸጡልን፣ እኛ በምን እንወቅ። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ጉልበት እንዲሰጥ ነው የተሰራው፣ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ እንዲለቅ አይደለም፣ በየቀኑ ባዶ ባደረግሽው ቁጥር ውስጡ እየሞተ ይሄዳል። አምስት ወር ሆነው። ከዛ ሐምሌ መጣ፣ ሶስት ቀን ሙሉ ጉም ዋለ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ልጄን ሳፋ ውስጥ አስቀምጬ እያጠብኩት ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ጉልበት ለቤት መብራት የሚቀይረው ዕቃ) ጢጥ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረ፣ ቶሎ ቶሎ ሳለቀልቀው አንድ ረጅም ጢ...ጥ ብሎ ጭልም አለ። አንድ እጄ ላይ ሳሙና የለበሰ ልጅ አለ፣ እየተንሸራተተ፣ በሌላው እጄ ክብሪት ስፈልግ የሞቀውን ውሃ ደፋሁት። ባለቤቴ ስብሰባ ብሎ ወረዳ አድሯል። እዛው ሳፋው ዳር ተንበርክኬ ከልጄ ጋር አብረን አለቀስን። የዛን ቀን ነው መብራት ማለት አምፖል እንዳልሆነ የገባኝ።

አሁን የባልሽን ሶላር ሂሳብ እንስራው፣ አንቺ የሂሳብ ሰው ነሽ አይከብድሽም። ሁለት ባለ 100 ማለት 200 ዋት ነው። በበጋ ፀሐይ ሙሉ ጉልበቷን የምትሰጥበትን ጊዜ በቀን 5 ሰዓት ብንይዘው፣ በሽቦው በባትሪውና በኢንቨርተሩ የሚባክነውን 30 በመቶ ብንቀንስ፣ የምታገኙት በቀን 700 ዋት-ሰዓት ነው (ዋት-ሰዓት ማለት ዋቱ በሰዓቱ ሲባዛ ነው)። አምፖል ስድስት ባለ 7 ዋት ለ5 ሰዓት 210፣ ቲቪ 50 ዋት ለ4 ሰዓት 200፣ ስልኮቹ 40፣ ላፕቶፕ 50 ዋት ለ5 ሰዓት 250፣ ድምር 700። ልክ ነው፣ ባልሽ አልዋሸሽም፣ በበጋ ይበቃችኋል። ግን ሐምሌ ላይ ጉም ውስጥ ሁለት ሰዓት ተኩል ፀሐይ ካገኛችሁ 350 ነው የሚገባው፣ ግማሹ ማለት ነው፣ ቀኑ ደህና ካልሆነማ ከዛም ያንሳል። ስለዚህ ፓነሉ ሁለት ሳይሆን አራት ይሁን። ባትሪውም ፀሐይ ባይኖር ሁለት ቀን የሚያደርስ መሆን አለበት፣ ያ ማለት 1400 ዋት-ሰዓት ነው፣ ሊቲየም የሚባለውን 80 በመቶውን መጠቀም ስለሚቻል ባለ 12 ቮልት 150 አምፒር-ሰዓት ይበቃል (12 በ150 ሲባዛ 1800፣ 80 በመቶው 1440)፣ የእርሳሱ ባትሪ ከሆነ ግን ከግማሽ በላይ ባይወርድ ነው የሚሻለው፣ ስለዚህ ባለ 200ውም ላያደርሳችሁ ነው። ሊቲየሙ ሲገዛ ይወደዳል፣ ግን ብዙ ዓመት ይቆያል። ፍሪጁን እርሱት፣ ጉመር ደጋ ነው፣ ወጥ አያበላሽባችሁም፣ ትንሿ ፍሪጅ እንኳን በቀን ወደ 500 ትበላለች።

እስካሁን ያልኩት በብር የሚፈታ ነው። የማይፈታውን ልንገርሽ። የኤሌክትሪክ ምጣድሽ 3500 ዋት አካባቢ ነው የሚስበው። አንድ ሰዓት ተኩል ጋግረሽ ብትነሺ ከ5000 ዋት-ሰዓት በላይ ሄደ ማለት ነው፣ ከላይ ያሰላነውን የቤት መብራት ሰባት ቀን የሚያዘልቅ ማለት ነው እህቴ፣ በአንድ ጋገራ። ስለዚህ ባልሽ የሚያመጣው ሶላር አምፖሉን ያበራል፣ ቲቪውን ያበራል፣ ስልኩን ይሞላል። እንጀራው፣ ወጡ፣ የቡናው ውሃ፣ የልጆቹ ገላ መታጠቢያ፣ ልብስ ማጠቢያው ግን እሳት ላይና ጀርባ ላይ ይቀራል። ማን ጀርባ ላይ? እሱን ነው ቁጭ ብላችሁ መነጋገር ያለባችሁ። እኔ መንዝ በነበርኩበት ጊዜ የኛ ቤት ከቀበሌው ሁሉ የደመቀ ነበር፣ ሰው ማታ ማታ እየመጣ ዜና ይሰማብን ነበር፣ እኔ ግን ጓዳ ውስጥ ኩበት አርሶብኝ አይኔ እያለቀሰ እፍ እል ነበር። መንዝ እንጨት የለም ኩበት ነው የሚነደው፣ ክረምት ላይ አንዴ ከረጠበ አይነድም ይጨሳል እንጂ፣ ስለዚህ ኩበቱን በግንቦት ሰብስቦ ጣራ ስር ማስገባት ያስፈልጋል፣ እኔ ይሄን የተማርኩት በመጀመሪያው ክረምት ሊጡ ኮምጥጦ ኮምጥጦ ከተደፋብኝ በኋላ ነው። ጉመር የባህር ዛፍ ስላለ እንጨት ይገኛል፣ እርጥቡ እንጨት ግን ሐምሌ ላይ ያው ነው።

ጭሱን ካነሳሁ ልጅሽ አለ። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ነው የምነግርሽ። አስም ያለበት ልጅ እሳት በሚነድበት ጎጆ ውስጥ ማደር የለበትም። አማትሽ ቤት እንደ ባህሉ ምድጃው መሐል ላይ ከሆነና ከብቱም አብሮ ካደረ፣ ለልጁ ማደሪያ የተለየ ቤት ከሌለ ጉዳዩ እዛው ያልቃል፣ አትሂዱ። ማድ ቤቱ ከመኝታው ተነጥሎ መሰራት አለበት፣ ከዛ ደግሞ ምርጥ ምድጃ የሚሉትን፣ ያቺን ከሲሚንቶ ተሰርታ ምጣዱን ዙሪያውን የምትሸፍነውን፣ አስገቢ፣ ከሶስት ጉልቻው ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን ወደ ግማሽ ታወርደዋለች፣ ከላይ ጭስ ማውጫ ይኑራት። እና አንድ ነገር አደራ፣ ጉመር ሌሊት ይበርዳል፣ ውርጭ አለ፣ ልጆቹ በረዳቸው ብለሽ የከሰል ማንደጃ መኝታ ቤት አስገብተሽ በር ዘግተሽ እንዳትተኚ። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም የለው ጭስም የለው፣ እንቅልፍ እንደወሰደሽ ነው የሚገድለው። ወፍራም ጋቢና ብርድ ልብስ ይሻላል፣ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ በፎጣ ጠቅልሎ እግር ስር ማድረግም ይሞቃል።

ስለ ልጁ ሐኪም ሳታናግሩ ምንም እንዳትወስኑ። ቀበሌው ውስጥ ጤና ኬላ ይኖራል፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኞቹ ክትባት ይሰጣሉ የእናቶችን ክትትል ያደርጋሉ፣ ጎበዞች ናቸው፣ መንዝ የነበረችው ልጅ የኔን ሁለተኛ እርግዝና እንደ እህቷ ነው የተከታተለችው፣ ግን ሌሊት ትንፋሽ ያጠረውን ልጅ ኦክሲጅን አይሰጡትም፣ የላቸውም። ስለዚህ ጥያቄሽ ይሄ ይሁን፣ ከአማትሽ ደጃፍ ተነስተሽ ኦክሲጅን ያለበት ቦታ ለመድረስ፣ በሐምሌ፣ በሌሊት፣ በዝናብ፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ወልቂጤ ወይም አጣጥ ሆስፒታል ድረስ ሊሆን ይችላል። ጉራጌ ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ ከተማ ያሉ ልጆቹ እያዋጡ መንገድ ያሰሩ ህዝብ ነው፣ ዋናው መንገድ ችግር ላይሆን ይችላል፣ እኔን የሚያሰጋኝ ከዋናው መንገድ እስከ ደጃፋችሁ ያለው ጭቃ ነው። መስከረም ላይ መኪናችሁ ደጅ ድረስ ገብታ ይሆናል። ሐምሌ ላይ ትገባለች? የማን መኪና ነው ሌሊት የሚጠራው? ሹፌሩ ማን ነው ስልኩስ ይሰራል? ሲም ካርዶቻችሁን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱና ቤቱ ውስጥ ቆማችሁ ሞክሩት፣ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ኔትወርክ አለ ማለት ለበሽተኛ ልጅ እናት ምንም አያደርግላትም።

ውሃውን እንስራው ደግሞ። እናንተ አራት አማትሽ አምስት፣ ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ብትይዢ ያውም በቁጠባ ነው፣ 100 ሊትር፣ አምስት ጀሪካን። አንዱ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። በጀርባ አንድ በአንድ ከተቀዳ አምስት ጊዜ 50 ደቂቃ፣ ከአራት ሰዓት በላይ በየቀኑ፣ እሁድም በዓልም የለውም። አንቺ ካልቀዳሽው ልጅሽ ናት የምትቀዳው፣ የ12 ዓመት ሴት ልጅ እዛ ሀገር ላይ ውሃ ቀጂ ናት፣ ማንም ክፉ ስለሆነ አይደለም ልማዱ ስለሆነ ነው። አህያ ካለ ነገሩ ይቀላል፣ አህያ መግዛት ለናንተ ከቲቪ ይቀድማል። ከሁሉ የሚሻለው ግን የጣራ ውሃ ነው፣ በሂሳቡም ደስ ይልሻል፣ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። 40 ካሬ ቆርቆሮ ጣራ ካላችሁና በዓመት 1000 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ የሚፈሰውንና የሚተነውን 20 በመቶ ቀንሰሽ 32,000 ሊትር ይመጣል። ሳር ጣራ ግን አይሆንም፣ ቆርቆሮ መሆን አለበት፣ አሸንዳ ተገጥሞለት፣ ክረምቱ ሲገባ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ጣራውን አጥበው እንዲፈሱ ትተሽ ከዛ በኋላ ያለውን ነው የምትይዢው። ችግሩ ማጠራቀሚያው ነው። ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ብትገዙ፣ ጥቅምት አንድ ላይ ሞልታ በቀን 100 ሊትር ስትቀዳ ለጥር 10 ገደማ ባዶ ናት፣ ለጥምቀት ውሃ የላችሁም፣ የበልግ ዝናብ እስኪመጣ እንደገና ወደ ምንጩ። ሁለት ቢሆኑ ጥሩ ነበር። የምንጩንም የጣራውንም ውሃ ለመጠጥ ታፈያለሽ ወይ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ትጠቀሚያለሽ፣ ማፍላት ካልሽ ደግሞ እንጨት ነው፣ ሁሉም ነገር ዞሮ ዞሮ እንጨት ላይ ይመጣል።

ምግቡን ባልሽ የአባቴ መሬት አለ ብሎሻል። እንሰት ለመብላት የሚደርሰው ከተተከለ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ነው፣ ስለዚህ ዛሬ የምትበሉት አማትሽና አባቱ ከዓመታት በፊት የተከሉትን ነው። አራት ሰው ሲጨመር ጓሮው ምን ያህል ያዘልቃል የሚለውን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፣ እሳቸውን ጠይቋቸው። እንሰት መትከሉ የወንድ ነው፣ መፋቁ ግን የሴት ነው፣ እግር ዘርግቶ ጣውላውን ተደግፎ ቀኑን ሙሉ በቀርከሃ መፋቅ፣ ወገብ የሚቆርጥ ስራ ነው። አንቺ አታውቂበትም፣ አማትሽ አርጅተዋል። ታዲያ ማን ይፋቅ? ጎረቤት ተጠርቶ በደቦ ይሰራል፣ ደቦ ደግሞ ብድር ነው ተራሽ ሲደርስ ትሄጃለሽ። ይሄን ማንም አይነግርሽም ብዬ ነው።

ትምህርቱ ላይ አጭር ልበል፣ ግን ቀላል ሆኖ አይደለም። ሴቷ ልጅሽ ዘንድሮ ስድስተኛ ከሆነች ሁለት ዓመት ቆይታ ሚኒስትሪ ትወስዳለች፣ ከዛ ዘጠነኛ ክፍል የት ነው የምትማረው? በብዙ የገጠር ቀበሌ ሁለተኛ ደረጃ የለም፣ ልጆች ከተማ ወርደው ቤት ተከራይተው ስንቅ እየተላከላቸው ነው የሚማሩት። በ14 ዓመቷ ብቻዋን ቤት ተከራይታ እንድትኖር ትፈቅዳላችሁ? ይሄ ጥያቄ አሁን ካልተመለሰ ሁለት ዓመት ቆይቶ ቤታችሁን ይበጠብጣል። እሷንም ጠይቋት፣ 12 ዓመት ትንሽ አይደለም።

አሁን ኮንዶሚኒየሙ። አይሸጥም። በዚህ ላይ ባልሽ ቢቆጣም ቢያኮርፍም ጸንተሽ ቁሚ። ምክንያቱ ደግሞ ባልሽን አለማመን አይደለም፣ የገጠር መሬት በሀገራችን አይሸጥም አይለወጥም፣ ህገ መንግስቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግስትና የህዝብ ነው ይላል፣ የሚወረሰው የመጠቀም መብቱ ነው፣ ስለዚህ ኮንዶሚኒየሙን ሸጣችሁ እዛ ብትገነቡበት እና ባይሆንላችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ መመለስ ይከብዳችኋል። የአባቱ መሬት ያልሽው ደብተሩ በማን ስም ነው? አባትየው ከሞቱ በኋላ ዞሯል? ወንድምና እህት አሉት? እነሱ ቦሌም ይኑሩ ሀዋሳም ይኑሩ ወራሾች ናቸው፣ አንቺ ቤት ከሰራሽ በኋላ ድርሻችን የሚል ቢመጣ ምን ታደርጊያለሽ? የወረዳው የመሬት ጽህፈት ቤት ሄዳችሁ ፋይሉን እዩ። ባልሽ ስሙ ከገባ ደግሞ ያንቺም ስም አብሮ ይግባ፣ የገጠር መሬት አዋጁ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት ሲሆን ደብተሩ በሁለቱም ስም ይዘጋጃል ነው የሚለው፣ የውርስ መሬት ሲሆን እንዴት እንደሚደረግ እዛው ጽህፈት ቤቱን ጠይቂ፣ መጠየቅሽ ጥርጣሬ አይደለም።

ማከራየቱ ጥሩ ሀሳብ ነው፣ የቤት ኪራዩ እዛ ያኖራችኋል፣ ግን አትቸኩሉ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት በታች እንዳይሆን አድርጓል፣ አንዴ ተከራይ ካስገባሽ በሶስተኛው ወር ልጄ ታመመብኝ ልመለስ ብትይ ቤትሽ ውስጥ ሰው አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ሙከራው፣ ኪራዩ ከዛ በኋላ።

ሙከራው እንዲህ ነው። ሐምሌ ላይ ልጆቹ ትምህርት ዝግ ነው። አንቺም ዘጠኝ ዓመት ሰርተሻል፣ በአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የስራ ቀን ለተጨማሪ ሁለት ሁለት ዓመት አንድ አንድ ቀን ነው፣ ቢያንስ 20 የስራ ቀን አለሽ፣ ከሶስት ሳምንት በላይ ነው። መስሪያ ቤትሽን ሳትለቂ ማለት ነው። ምንም ነገር ከከተማ ተሸክማችሁ አትሂዱ፣ እንጀራ በካርቶን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ሙከራ አይደለም ሽርሽር ነው። የልጁን መድሃኒት ብቻ ከበቂ በላይ ያዢ። ሶላሩን ባልሽ ገና ካልገዛ ለሙከራ አንዱን ፓነልና ባትሪውን ብቻ ይግዛ፣ ሐምሌ ላይ በቀን ስንት እንደሚገባ ማታ ማታ ደብተር ላይ ጻፊው፣ የተቀዳውን ጀሪካን ጻፊው፣ ማን እንደቀዳው ጻፊው፣ ልጁ ሌሊት ስንቴ እንዳሳለው ጻፊው። አንቺ ቁጥር ነው ስራሽ፣ ሙከራው ሲያልቅ ያ ደብተር ነው የሚናገረው፣ አንቺ እምቢ አልሽ እሱ እሺ አለ የሚባል ነገር አይኖርም።

እና የመጀመሪያውን ሳምንት ውሃውን ባልሽ ይቅዳ። እዛ ወንድ ውሃ አይቀዳም፣ አውቃለሁ፣ የመንደሩ ሰው ያየዋል ያወራበታል፣ እናቱም ሊከፋቸው ይችላል። እሱም ያውቃል። ያም ሆኖ ጀሪካኑን አንስቶ ከወጣ፣ እህቴ፣ ያ ሰው የሚለውን ነገር ከልቡ ነው፣ ከሱ ጋር ደጋም ቆላም መኖር ይቻላል። እምቢ ካለ ደግሞ ማን ጀርባ ላይ የሚለው ጥያቄ ያኔውኑ ተመለሰልሽ። የኔ ባለቤት ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው የጀመረው፣ ከሳፋው ሌሊት በኋላ፣ ከዛ በኋላ ነው መንዝ ለኔ ቤት የሆነው፣ ሁለት ዓመት ተጨማሪ የቆየነውም በዛ ነው።

ለባልሽ ምን እንደምትይው ደግሞ ልንገርሽ። ሱቁ የፈረሰበት ሰው ነው፣ በከተማው ውስጥ የሰው ፊት ማየት የሰለቸው፣ እናቱ ደግሞ ብቻቸውን የሚያረጁበት። ሀገሩን መናፈቁን አትንኪበት። ጨለማ ነው ገጠር ነው ልጆቼን ላደኸይ ነው የምትይውን ተይው፣ እንደዛ ስትይው እናቱን ነው የሚሰማው፣ ናቅሻት ያለሽም ለዛ ነው። «እኔም መስቀል ላይ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሐምሌ ላይም ደስ እንዲለኝ እፈልጋለሁ፣ እስቲ ሄደን እንየው» በይው። እውነትሽንም ነው፣ አንቺው ጽፈሽልኛል።

አማትሽን ግን እስካሁን ማንም አልጠየቃቸውም፣ ከደብዳቤሽ እንደገባኝ። ልጃቸው ከነቤተሰቡ ጠቅልሎ ይግባ ይፈልጋሉ? ወይስ የሚፈልጉት ቆርቆሮ ጣራ፣ ሮቶ፣ አንድ አምፖልና በየሁለት ወሩ የሚመጣ ልጅ ነው? ምናልባት ይፈልጋሉ፣ ምናልባትም በእርጅናቸው ለአምስት ሰው ቆጮ መፋቅ ያስፈራቸው ይሆናል፣ እናት ደግሞ ልጇን አትምጣ አትልም፣ ለምራቷ ግን ትናገር ይሆናል። ጉራጊኛ አልችልም ብለሻል፣ እሳቸው አማርኛው ትንሽ ትንሽ ካላስቸገራቸው በዛው፣ ካልሆነም ልጅሽ ከአባቷ የለቀመችው ጥቂት ነገር አይጠፋምና አጠገብሽ አስቀምጫት፣ ባልሽ ሳይኖር ደውዪላቸው። መጀመሪያ ጤናቸውን ጠይቂ፣ እንሰቱን ጠይቂ፣ ቀስ ብለሽ «እማዬ ሐምሌን እርስዎ ጋ ብናሳልፍ ምን ይመስልዎታል» በያቸው፣ ከዛ ዝም ብለሽ አዳምጫቸው።